ቦረና አረንጓዴ ሆነ ማለት ሳሩ ተመለሰ ማለት ነው?

ከድርቅ በኋላ ዝናብ ሲጥል ስልካችን ላይ የሚመጣውን ፎቶ ሁላችንም እናውቀዋለን። ትናንት አቧራ ብቻ የነበረ ሜዳ ዛሬ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ ይታያል። ከላዩ ላይ "ተመስገን፣ ቦረና ተመለሰች" ይላል። ላይክ እናደርጋለን፣ ሼር እናደርጋለን፣ እናልፋለን። ደስታው ትክክል ነው፤ ዝናብ መጣ ማለት ቢያንስ ውሃ መጣ ማለት ነው። ግን ፎቶው ላይ ያለው አረንጓዴ ምንድን ነው? ሳር ነው? ሳር ከሆነስ የትኛው ሳር? ዝናቡ ካቆመ ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ይገኛል ወይስ ደርቆ ነፋስ ይወስደዋል?

ነገሩ የባዮሎጂ ክፍል ጥያቄ ይመስላል፤ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በሰሜን ኬንያ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ከብቶች አለቁ። ከዚያ ዝናቡ ተመለሰ፤ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ላይ እንዲያውም ከልክ አልፎ ጎርፍ ሆነ። ከብቱን ያጣ ቤተሰብ ሜዳው ሲለመልም የሚወስነው አንድ ትልቅ ውሳኔ አለ፦ አሁን ጊደር ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? መልሱ ያለው በአረንጓዴው ብዛት ላይ አይደለም። በሳሩ ዓይነት ላይ ነው።

ልዩነቱን እንያዝ። ደረቅ አካባቢ የሚበቅለው ሳር በግርድፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛውን የአንድ ዝናብ ሳር እንበለው። ከዘር ይበቅላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ያብባል፣ ዘሩን ይጥልና ይሞታል። ዕድሜው ሳምንታት፣ ቢበዛ ጥቂት ወራት ነው። ሁለተኛው ቋሚ ሳር ነው። ይሄኛው ላዩ ቢደርቅም ሥሩና ከመሬት ጋር የተጣበቀው ጉቶው በሕይወት ይቆያል። ዝናብ ሲመጣ ከዘር አይደለም የሚጀምረው፤ ከዚያው ከአሮጌው ጉቶ ነው የሚያቆጠቁጠው። አንድ እግር ቋሚ ሳር ለብዙ ዓመታት ሊኖር ይችላል።

ዝናብ በጣለ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አረንጓዴ። የሚለያዩት በኋላ ነው። የአንድ ዝናብ ሳር ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ብናኝ ይሆናል፣ መሬቱም ራቁቱን ይቀራል። ቋሚው ሳር ግን ደርቆም ይቆማል። ደረቁ አገዳ ብዙ ገንቢ ነገር ባይኖረውም ላሟን እስከሚቀጥለው ዝናብ ያደርሳታል። የጠለቀው ሥሩ ደግሞ አፈሩን ይዞ ይቆያል፤ የመጀመሪያው ካፊያ ሲጥል ዘር እስኪበቅል ሳይጠብቅ በቀናት ውስጥ ቅጠል ያወጣል። ደረቅ አገር ላይ ከብት አርቢ የሚኖረው በዚህ ሳር ነው። ሌላው ጭማሪ ነው።

ቦረናዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ለሳሮቻቸው ለየብቻ ስም አላቸው። እኛ በጅምላ "ሳር" የምንለውን እነሱ ማታ ጉዴሳ፣ አላሎ እያሉ ይለዩታል። ማታ ጉዴሳ የሚሉት በእርሻ ባለሙያዎች ዘንድ በፈል ሳር የሚባለው ነው። ሥሩ መሬት ቢመቸው እስከ ሁለት ሜትርና ከዚያም በላይ ይወርዳል፤ በዓመት 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ካገኘ ይኖራል። ሁለት ሜትር ማለት ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት በላይ ማለት ነው፣ ያውም ወደ ታች።

እንዲህ ያለ ጠንካራ ሳር ታዲያ እንዴት ይጠፋል? ብዙዎቻችን ድርቅ ይመስለናል የሚገድለው። ድርቅ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይገድለውም። የሚገድለው ድርቁ ካለፈ በኋላ ያለችው ጊዜ ናት።

የአየር ሰዓት ብድር የወሰደ ሰው ይገባዋል። ካርድ ሲሞላ መጀመሪያ ብድሩ ነው የሚቆረጠው። ሳሩም እንደዚያ ነው። ከድርቅ በኋላ የሚያወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች የተሠሩት ከሥሩና ከጉቶው ውስጥ ካስቀመጠው ምግብ ነው፤ ብድር ናቸው። ቅጠሎቹ አድገው ከፀሐይ ምግብ መሥራት ሲጀምሩ ብድሩን ይከፍላሉ፣ ከዚያ አልፈው ለሚቀጥለው ደረቅ ወቅት ያስቀምጣሉ። ቅጠሉ ገና ብቅ እንዳለ ከተበላ ሳሩ ሌላ ቅጠል ለማውጣት እንደገና ይበደራል። ያም ከተበላ እንደገና። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ መበደሪያው ያልቃል፣ በቃ። ላዩን ስታዩት የሞተበት ቀን አይታወቅም፤ በሚቀጥለው ዝናብ ሳያቆጠቁጥ ሲቀር ነው የሚታወቀው።

ይህ ግምት አይደለም፣ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1955 ፍራንክሊን ክራይደር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሳር እየቆረጠ ሥሩ ምን እንደሚሆን የተከታተለበትን ሙከራ አሳተመ። ከቅጠሉ 40 በመቶውን ሲቆርጥ ሥሩ ማደጉን አላቆመም። 50 በመቶ ሲቆርጥ ማደግ ያቆሙት ጥቂት ሥሮች ብቻ ናቸው። 60 በመቶ ላይ ግን ግማሽ ያህሉ ሥር ቆመ። 80 በመቶ ሲቆርጥ ሁሉም ሥር ለ12 ቀን ማደግ አቆመ፤ 90 በመቶ ሲሆን ለ17 ቀን። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆረጣ ነው። ክራይደር የሞከረው የቦረናን ሳር ባይሆንም ዋናው ነገር ለሁሉም ይሠራል፦ ከግማሽ በላይ ስትወስዱ ጉዳቱ ትንሽ በትንሽ አይደለም የሚጨምረው፣ ይዘላል። ሥር ማደግ ያቆመው ደግሞ ልክ መሬቱ እርጥብ በሆነባት፣ ሥሩ ወደ ታች መውረድ በሚገባው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

"እና ለምን አያሳርፉትም?" ማለት ከአዲስ አበባ ሆኖ ቀላል ነው። ከብቱን ለወራት በገለባና በተገዛ ሳር ያቆየ ሰው፣ ልጆቹ ወተት ያላዩ ሰው፣ የበቀለውን እያየ ለስድስት ሳምንት ጠብቅ ቢባል በምን ይጠብቅ? ጥፋቱን አርብቶ አደሩ ላይ መለጠፍ የቆየ ልማድ ነው፤ እኛ አንስማማበትም። ምክንያቱም ቦረናዎች ሳሩን የሚያሳርፉበት ሥርዓት ነበራቸው። ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ሥርዓቱን ከጎዱት ነገሮች ብዙዎቹ የመጡት በልማት ስም ከውጭ ነው።

ሥርዓቱ የሚጀምረው ከውሃ ነው። ቦረና ውስጥ ቱላ የሚባሉ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ። ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን በእጅ እየተቀባበሉ የሚያወጡባቸው ናቸው፤ ቪዲዮውን አይታችሁ ይሆናል። ጉድጓዱን የሚያስተዳድር፣ ተራ የሚያስይዝ ሰው አለ፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። ግጦሹም ዴዳ በሚባሉ ሰፋፊ ክልሎች የተከፈለ ነው፣ የራሱ ኃላፊ አለው። በደረቁ ወቅት ከብቱ ቱላዎቹ አካባቢ ይሰበሰባል። ዋናው ዝናብ፣ ገና የሚሉት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲጥል ደግሞ ከብቱ ከጉድጓዶቹ ርቆ ይሄዳል፤ ዝናብ ያቆረውን ውሃ እየጠጣ የሩቁን ሳር ይበላል። የቅርቡ ሳር በዚያ ጊዜ ያርፋል፣ ያድጋል፣ ብድሩን ይከፍላል። የሩቁ ኩሬ ሲደርቅስ? ከብቱ ወደ ቱላ ይመለሳል፤ አሁን በተራው የሩቁ ሳር ያርፋል።

እስቲ ይህን ልብ በሉት። አጥር የለም፣ ዘበኛ የለም። ሳሩን የሚጠብቀው ጥም ነበር። ውሃ በሌለበት ከብት መቆየት ስለማይችል ሳሩ በግዱ እረፍት ያገኛል።

ከብቱም በሁለት ይከፈላል። ዋራ የሚባሉት የሚታለቡት ላሞች ናቸው፣ ጥጆቻቸውን ይዘው ከቤት ብዙ አይርቁም። ፎራ የሚባሉት ደግሞ ጠንካሮቹና የማይታለቡት ናቸው፤ ከወጣቶች ጋር ሩቅ ይሄዳሉ። ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ብቻ የሚከለል ቦታም አለ፣ ካሎ ይባላል። ካሎ በዝናብ ጊዜ አይነካም፣ የሚከፈተው ሲጨንቅ ነው። ሳይንቲስቶች ከጊዜ በኋላ በወፍራም መጽሐፍ የጻፉት የግጦሽ ፈረቃ ማለት በአጭሩ ይኸው ነው።

ከደርግ ዘመን ጀምሮ ግን ሁለት ነገሮች ተደረጉ። ሁለቱም ሲታሰቡ በጎ ነበሩ። አንደኛው ኩሬ ነው። የልማት ፕሮጀክቶች "እዚህ ጥሩ ሳር አለ፣ ውሃ ግን የለም" እያሉ በማሽን ትልልቅ ኩሬ ቆፈሩ። ከላይ ያልነው ትዝ ይበላችሁ፤ እዚያ ጥሩ ሳር የነበረው ውሃ ስላልነበረ ነው። ኩሬው ሲመጣ ከብቱ ዓመቱን ሙሉ ቆየ፣ ሰውም ሰፈረ። ኩሬ ዙሪያ ያለው መሬት ራቁቱን የሆነባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። በሶማሌ ክልልም ብርካ የሚባሉት በሲሚንቶ የተሠሩ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ሲበዙ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ውሃ አይቆፈር እያልን አይደለም፤ ሰው ይጠማል፣ ከብት ይጠማል። ግን ደረቅ አገር ላይ ኩሬ የት እንደሚቆፈር መወሰን ማለት ሳሩ የት እንደሚሞት መወሰን ጭምር ነው፣ ይህን የሚጠይቅ ፕሮጀክት ደግሞ እምብዛም ነው።

ሁለተኛው እሳት ነው። ቦረናዎች ሜዳውን በየተወሰነ ዓመት ያቃጥሉ ነበር። ደርግ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቃጠሎ ከለከለ። "ተፈጥሮን ማቃጠል" ለሚሰማው ሰው መጥፎ ነው የሚመስለው፣ አይደል? ግን የቋሚ ሳር የማደጊያ ቦታው ከመሬት ጋር የተጣበቀው ጉቶ ነው። እሳቱ ደረቁን ላዩን ጠርጎ ያልፋል፤ ሳሩ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ትንንሽ የግራር ችግኞች ግን የማደጊያ ጫፋቸው ላይ ነውና ይለበለባሉ። መዥገሩም አብሮ ይቀንሳል። እሳቱ ሲቆም እሾሃማው ቁጥቋጦ ዱር እየሆነ ሜዳውን ወረሰው። ሳሩ ደግሞ በጥላና በውሃ ሽሚያ ተሸነፈ። ከዓመታት በኋላ በቁጥጥር ማቃጠል በምርምር ፕሮጀክቶች ተሞክሯል፣ ሠርቷልም። ችግሩ እሳት ለመሄድ ደረቅ ሳር ይፈልጋል። ቁጥቋጦው በወረሰበት ቦታ ሳር የለም፣ ሳር ከሌለ የሚቃጠል የለም፣ ካልተቃጠለ ቁጥቋጦው ይበዛል። ያኔ መጥረቢያ ብቻ ነው የሚቀረው፣ መጥረቢያ ደግሞ ጉልበትና ብር ነው።

በዚህ ላይ የእርሻ መስፋፋት፣ ካሎን ለግል ማጠር፣ የወሰን ግጭትና የሕዝብ ቁጥር አለ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጽሑፍ ይወጣቸዋል።

አሁን ወደ አረንጓዴው ፎቶ እንመለስ፤ ምክንያቱም አረንጓዴ አይቶ የሚሳሳተው ሰው ብቻ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር በመሆን ቦረና ውስጥ አዲስ ዓይነት የከብት ዋስትና ጀመረ። ከብት ሞተ አልሞተ ብሎ ሜዳ ላይ የሚቆጥር የለም። ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ የምድሩን አረንጓዴነት ይለካል፤ አረንጓዴው ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ካሳ ይከፈላል። ብልህ ሐሳብ ነው፤ በደረሰባቸው አካባቢዎች ብዙ ቤተሰብ ተጠቅሞበታል። ሳተላይቱ ግን የግራሩን ቅጠልና የማታ ጉዴሳን ቅጠል በቀላሉ አይለይም። ከብት የማይበላው አረም ቢሆንም ለሱ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ቁጥቋጦ በወረሰው ቦታ መሬቱ "ደህና ነው" ተብሎ ላሟ ልትራብ ትችላለች። በሌላ አነጋገር የእኛ ፌስቡክና ሳተላይቱ አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራሉ፣ የሱ ግን ገንዘብ ያስቀራል።

ታዲያ የጠፋ ሳር ይመለሳል? ጉቶው ካልሞተ አዎ፣ ከሌላው ነገር ሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በዝናብ ወቅት መከለል ነው። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚጠይቀው ስምምነት ነው። ከሞተ ግን ነገሩ ይከብዳል፣ መዝራት ይመጣል።

ሳር መዝራት ጤፍ እንደ መዝራት አይደለም። የበፈል ሳር ዘር ጸጉራም ነው፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ከእጅ እኩል አይወርድም። አዲስ የተለቀመ ዘር ወዲያው ቢዘራ አብዛኛው አይበቅልም፤ እንቅልፍ ላይ ነው፣ ለወራት ተቀምጦ መንቃት አለበት። ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ ላይ ላዩን ከተበተነ ደግሞ ጉንዳን ይለቅመዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሬቱ እንደ አስፋልት ከደረቀ ዘሩ ቢወርድም ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል። ለዚህ ነው በኬንያም በሳህል አገሮችም ጨረቃ ግማሽ ሆና እንደምትታየው ያሉ እርከኖች የሚቆፈሩት፤ ውሃውን አቁረው ዘሩ ላይ ያቆዩታል። በኬንያ ባሪንጎ ሐይቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ራቁቱን የቀረ መሬት እየታጠረ በአገሬው ቋሚ ሳር ሲዘራ ቆይቷል። ዛሬ እዚያ ሰዎች ከብት ከማብላት አልፈው የሳር ዘርና ድርቆሽ ይሸጣሉ። የሳር ዘር መሸጥ ሥራ ነው፤ ሥራ ለምትፈልጉ የቆላ ወጣቶች በቅንፍ ያስቀመጥንላችሁ ሐሳብ ይሁን።

ዘር ስትፈልጉ የምትሰሙትን ስም ሁሉ አትመኑ። ዝሆን ሳር ውሃ ይወዳል። ደሾ የደጋና የወይና ደጋ እርከን ላይ ነው ስሙን ያተረፈው። በሴሲል ሮድስ ስም የሚጠራው ሮደስ ሳር ጥሩ ሳር ነው፣ ግን በዓመት 600 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲያገኝ ነው የሚያምርበት። ቦረና ውስጥ ሰሜኑ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ኬንያ ድንበር ሲወረድ ዝናቡ 400 ገደማ ስለሚሆን ይቸግራል። ለዚያ ያለው መልስ እዚያው የነበረው ነው፣ ማታ ጉዴሳና ጓደኞቹ። አዲስ አበባ ያለው የእንስሳት ምርምር ተቋም የዘር ባንክ ከ18 ሺህ በላይ የመኖ ዕፅዋት ናሙናዎችን ያስቀምጣል። ከእኛው ሜዳ የተሰበሰቡ ሳሮችም እዚያ አሉ። ዘሩ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ሜዳ ላይ የሚደርስበት መንገድ ነው የቀጠነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ የሚገርም ነገር። እኛ የምንለምነው በፈል ሳር አሪዞና ውስጥ ወራሪ አረም ተብሎ ወጣቶች በዘመቻ ይነቅሉታል። ለግጦሽ ብለው ከአፍሪካ ወሰዱት፣ ወደ በረሃው ገባ፣ ቁልቋሎቹ መሃል ደርቆ እሳት ያዛምታል፤ እሳት የማያውቁት የዚያ አገር ግዙፍ ቁልቋሎች ይሞታሉ። አውስትራሊያም ውስጥ ከብት አርቢው ሲወደው የዱር ጥበቃው ይረግመዋል። ሳሩ ያው ነው፤ የተለየው ቦታው ነው። እኛም ከውጭ የመጣ "ተአምረኛ ሳር" ሲነገረን ይሄ ትዝ ቢለን አይከፋም።

መጨረሻ ላይ በእጃችሁ ስላለው ስልክ። ወደ ቆላ የምትሄዱ፣ ወይ ቤተሰብ እዚያ ያላችሁ፣ አረንጓዴውን ከቆማችሁበት ብቻ አታንሱት። ጎንበስ በሉና አንድ እግር ሳር ይዛችሁ ሳቡ። በቀላሉ ከነሥሩ መዘዝ ብሎ ከወጣ፣ ሥሩም ቀጭንና አጭር ከሆነ፣ የአንድ ዝናብ ሳር ነው። እምቢ ካለ፣ ቅጠሉ ብቻ እጃችሁ ላይ ከቀረ፣ ግርጌው ላይ ደግሞ ያለፈው ዓመት ግራጫ አገዳ ቀሪ ከታየ፣ ቋሚው ነው። አሥር እርምጃ ሄዳችሁ ድገሙት፣ ሃያ ሠላሳ ቦታ። ከዚያ ከእግራችሁ ሥር ያለውን መሬት ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ፎቶ አንሱ፤ በሳሩና በሳሩ መሃል ያለው ባዶ አፈር ስንት እንደሆነ ይታያል። ቦታውን ምልክት አድርጉበት፣ አንድ ዛፍ ወይ ኩይሳ ይበቃል። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ ከዚያው ቦታ፣ ያንኑ ፎቶ ድገሙት። የግጦሽ ባለሙያዎችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስትልኩልን ከየትኛው ቀበሌ እንደሆነና በየትኛው ወር እንደተነሣ መጻፍ አትርሱ።